የጠገበ ጎማ

ከመርሳ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ «መንገድ» የተባለው ሌላ ስም ቢታጣለት ነው። እኩሌታው ድንጋይ፣ እኩሌታው የግራር እሾህ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ክረምት ጎርፍ በጋ አሸዋ የሚሆን ሰፊ ወንዝ አለ። በደርግ ጊዜ የወንዙን ማዶ ለማዶ የሚያገናኝ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ የገበሬዎቹ ማኅበር አሮጌ ላንድሮቨር። ግንባሩ ላይ ነጭ ቀለም ስላለበት ሕዝቡ የበሬ ስም አውጥቶ «ቦራ» ይለዋል። የቦራ ሹፌር ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ ትውልዳቸው ጉባ ላፍቶ፣ ሽበታቸው ግን እዚያው መሪ ጀርባ የበቀለ።

ጋሽ ደምሴ አንዲት ምሳሌ ነበረቻቸው። ጧት ጧት መርሳ ጎማ ጠጋኙ ዘንድ ቆመው አራቱንም ጎማ እንደ ከበሮ እስኪወጠር ያስነፉና በእግራቸው መታ አድርገው፣ «የጠገበ ጎማ አይወጋም» ይላሉ። ጎማው ግን ይወጋ ነበር። ምሳሌዋን እሾሁ አልሰማትም መሰለኝ።

የመርሳ ገበያ ቀን ነው። ቦራ የቆላውን ሰውና የቲማቲም ሳጥን ተሸክሞ ሲመጣ፣ አሸዋው መሐል ገባና እንደለመደው ተቀበረ። ሰው ወረደ፤ ቆፈረ፤ ቅጠል አነጠፈ፤ ገፋ። ገና ወጥቶ ድንጋዩን ሲይዝ ደግሞ የኋላ ጎማው «ጧ!» አለ። መለዋወጫው ጎማ ጧት ሲወርዱ ተበስቷል። ስለዚህ ቲማቲሙ ወረደ፣ መኪናው በክሪክ ተነሣ፣ የውስጡ ላስቲክ ተጠገነ፣ የእጅ ፓምፑም ከወንበር ሥር ወጣ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል፤ የቀሩት እያጨበጨቡ ያዜማሉ፦

«ንፋ ንፋ ንፋው የቦራን እግር፣
ሳይመሽ እንዲያገባን ከመርሳ አገር።»

ጋሽ ደምሴ ግራሩ ጥላ ሥር ቆመው ያዛሉ። «ቀስ! እስከ ታች ጫነው እንጂ! ቡና ነው የምትወቅጥ?» ቀኝ እጃቸው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሰው ይህን የሹፌር ኩራት ይለው ነበር። እውነቱ ሌላ ነው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ቀኝ ትከሻቸው ተይዟል። መሪ ይይዛል፣ ማርሽ ያስገባል፤ ፓምፕ መጫን ግን እምቢ ብሏል። ይህን ከእሳቸውና ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲታወቅም አይፈልጉም፤ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ሀይሉ በስብሰባ ላይ፣ «በዚያ በረሃ ጎማውን ራሱ ነፍቶ መውጣት የማይችል ሹፌር ቁልፉን ያስረክባል» ብሎ ተናግሮ ሰውም አጨብጭቧል። በዚያን ጊዜ ጭብጨባ የማይወስነው ነገር አልነበረም። ቦራን ከወሰዱባቸው ደግሞ ጋሽ ደምሴ ማን ናቸው? ትከሻው የታመመ አንድ ሽማግሌ፤ በቃ።

በዚህ መሐል ቱታ የለበሰች፣ የመፍቻ ቦርሳ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ወጣት አሸዋውን አቋርጣ መጣች። ምሩጽ ትባላለች። አባቷ ሀጎስ ወልድያ ላይ አሮጌ ብረታ ብረት ይሸጣሉ፤ እሷ ደሴ ቴክኒክ ተምራ ሲሪንቃ ካለው የእርሻ ጣቢያ በመካኒክነት ትሠራለች። ማዶ የተበላሸ የመስኖ ሞተር አስነሥታ መመለሷ ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ! ጭብጨባው የሰርግ ነው?»

«ሰርግስ ሰርግ ነበር» አላት አብዱልሐሊም፤ የቲማቲሙ ባለቤት እሱ ነው፣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «ሙሽራይቱ አልሄድም ብላ ነው። ነይ እስቲ ተራሽን ንፊ።»

ምሩጽ ሳቀች። ቦርሳዋን አስቀመጠችና ያልፈነዳውን ጎማ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ድንጋይ ሆኗል።»

«ጠግቧል በይ» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ኮራ ብለው። «የጠገበ ጎማ አይወጋም።»

«መጥገቡንስ ጠግቧል። የጠገበ ደግሞ ጠብ ሲፈልግ ነው የሚውል፤ ይኸው ከአሸዋውም ከድንጋዩም ተጣልቶላችኋል።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ፓምፑን የያዘው ሰውዬ ሳይቀር እጀታውን ለቆ ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ጆሯቸው ጋለ።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የሀጎስ፤ የወልድያው ብረት ሻጭ።»

«አሃ! ብረቱንስ ከአባትሽ ተማርሽ፤ ሽማግሌ መድፈሩን ከማን ተማርሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። የደፈርኩት ጎማውን ነው።»

መልሷ ትሕትና ይሁን ሌላ ድፍረት መለየት አቃታቸው። ጎማው ተነፍቶ፣ ቲማቲሙ ተመልሶ ሲጫን ግን፣ «ነይ፣ ፊት ተቀመጪ» አሏት። እልኸኛ ሰው ተከራካሪውን ከአጠገቡ ማራቅ አይወድም።

ቦራ እየነጠረ ወደ መርሳ ሲያቀና ጋሽ ደምሴ ጀመሩ።

«በይ አስተምሪኝ። ጎማ ካልጠገበ በምን ይሄዳል?»

«እኔ ልጠይቅዎ ጋሼ። ግመል ያን ሁሉ ጨው ተሸክማ አሸዋውን ስትሻገር፣ አህያ በባዶዋ ለምን ትሰምጣለች?»

ከኋላ አብዱልሐሊም ጣልቃ ገባ። «የግመል እግር ሰፊ ነው እንጂ! ሲረግጥ ዘርጋ ይላል። ይኼን ሕፃን ያውቀዋል።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። ጎማው ትንፋሹን ትንሽ ሲለቅ እንደ ግመል እግር ዘርጋ ይላል፤ አሸዋው ላይ ይንሳፈፋል። ድንጋዩም ላይ ቢሆን፣ ልክ ያለው ጎማ ስለቱን ጎንበስ ብሎ ያልፈዋል፤ የተወጠረው ግን ተጋፍጦ ይቀደዳል። እርስዎ የአህያ ሰኮና አድርገውት ነው አሸዋ የሚያስገቡት።»

«ቦራን አህያ አልሽው?»

«እግሩን ነው ጋሼ፤ እሱማ በሬ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ልጄ» አሉ። «አንቺ ደሴ ትማሪ በነበረ ጊዜ እኔ በዚህ መኪና ከዚያ ከታች ሰው ሳመላልስ ነበር፤ በሰባ ሰባቱ። ጎተራው ሲጎድል፣ ጋኑ ሲጎድል፣ ከቤቱ ሰው ሲጎድል አይቻለሁ። ያን ያየ ሰው፣ የሞላውን ነገር በገዛ እጅህ አጉድለው ሲሉት ይዘገንነዋል።»

በወሎ ምድር ያ ዓመት ሲነሣ የሚቀልድ የለም። ምሩጽም ምላሷ ስለታም ይሁን እንጂ ልቧ ድንጋይ አልነበረም፤ በለስላሳ ቃል መለሰች።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። የሚመልሰው የሌለው ሰው ማጉደል የለበትም። ጎተራው አጠገቡ ያለ ሰው ግን ቢሰፍር ምን ያስፈራዋል?»

«የምን ጎተራ?»

«የአየር። ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው የሚይዘው በአየር ነው አይደል? አየሩን የምታዘጋጅላቸው ከሞተራቸው ጎን ያለች ትንሽ ኮምፕሬሰር ናት። አባቴ ግቢ ከሞተ መኪና የወለቀች አለች፤ ቅባቷንም በራሷ ሆድ የምትይዝ ናት። ከቦራ ሞተር ጎን አስሬ፣ በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶዋ፣ ከሞተሩ ጋር ባያይዛት፣ ሞተሩ ሲዞር እሷም ትዞራለች፤ አየሩ ጋን ውስጥ ይጠራቀማል። አሸዋው ጋ ሲደርሱ ጎማውን ያስተነፍሳሉ፤ ሲሻገሩ ቱቦውን ሰክተው ይሞሉታል። ማንም አያልበው፣ ማንም አያጨበጭብ።»

«ሞተር የተሠራው ጎማ ሊያዞር ነው፤ ጎማ ሊነፋ አይደለም!» አሉ ጋሽ ደምሴ። «በሬውም እኮ አርጅቷል። ባረጀ በሬ ላይ ሁለተኛ ቀንበር ትጭኚበታለሽ?»

«መብራትዎን ማን ነው የሚሰጥዎ?»

«ባትሪው።»

«ባትሪውንስ?»

«ዲናሞው ነዋ።»

«ዲናሞውንስ ማን ያዞረዋል?»

ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ሞተሩ ነው፤ ያውም በቺንጋ። ጋሽ ደምሴ ይህን የማያውቁ ሰው አይደሉም፤ ግን የሚያውቁትን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠው አያውቁም ነበር። ስንቱ ሰው እንዲህ ነው! እውቀቱ ቤቱ ሞልቶ፣ አንዱን ከአንዱ የሚያስተዋውቅ አጥቶ ይኖራል።

«በሬው ድሮም ብቻውን አልነበረም ጋሼ። መብራቱንም ይሠራል፣ ራሱንም የሚያቀዘቅዝበትን ውሃ ይገፋል። ጎማም የሚነፋው እኮ ቆሞ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ የለበት።»

«እሺ ይሁን። ሰዉስ? አየሽው አይደል፣ እንዴት እያዜመ እንደሚነፋ? ደቦ ነው! ማዶና ማዶ ያለው ሰው የተዋወቀ በዚህ ፓምፕ ነው። አብዱልሐሊም ራሱ የልጁን ባል ያገኘው ጎማ ሲነፋ ነው። ውሸት ነው አብዱ?»

«እውነት ነው ወላሂ» አለ አብዱልሐሊም። «ደህና አድርጎ ነፋ፣ ልጄን ሰጠሁት። ዳሩ ጋሽ ደምሴ፣ የምድራት ሌላ ልጅ የለኝም። አሁን ያለኝ ቲማቲም ነው፤ እሱ ደግሞ ፀሐይ ላይ ደቦ አይወድም። መርሳ ስደርስ እኮ ‹ስንት ነው?› የሚለኝ የለም፤ ‹ድልህ ነው?› ነው የሚሉኝ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ብቻ አልሳቁም። የያዙት ምክንያት ሁሉ ከእጃቸው እየሾለከ፣ ከሁሉም በታች የደበቁት እየቀረበ መጣ። የእጅ ፓምፕ ይቅር ሲባል ለምን ይጨንቃቸዋል? ፓምፑን እሳቸው አይዙትም። ግን ለውጥ ሲመጣ መካኒክ ይመጣል፣ ሊቀመንበር ይመጣል፣ «ደምሴ፣ አንተ እስቲ ንፋና እንየው» የሚል ይመጣል። ጎማውን እንደ ከበሮ የሚያስወጥሩትም ከመርሳ ወዲያ ፓምፕ ባልነካሁ ብለው እንጂ፣ ምሳሌዋንስ እሳቸውም ማመን ካቆሙ ቆይተዋል።

መርሳ ገቡ። ሰዉ ወርዶ ሳጥኑን ያወርዳል። ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አጥፍተው ባርኔጣቸውን አወለቁና የመጨረሻዋን ምክንያት አወጡ።

«ልጄ፣ ብረት ይሰበራል። ክንድ ግን...»

ምሩጽ ወደ ኋላ ዞር ብላ የሚሰማ አለመኖሩን አየችና በዝግታ፣ «ክንድም ይሰበራል ጋሼ» አለች።

ጋሽ ደምሴ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«ከወንዙ ጀምሮ ቀኝ እጅዎ ከኪስ የወጣው መሪ ለመያዝ ብቻ ነው። ባርኔጣዎን እንኳ በግራዎ ነው ያወለቁት። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ትከሻው።»

ጋሽ ደምሴ ግራ ቀኝ አዩ። «ለሰው ትናገሪያለሽ?»

«እኔ የማወራው ስለ ብረት ነው» አለችና ቦርሳዋን አነሣች። «ግን ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበል። አንድ ቀን እዚያ አሸዋ ላይ ከበሽተኛ ጋር ብቻዎን ይቆማሉ። ያን ቀን የሚያዜም አይኖርም። ያን ቀን ማን ሊነፋ ነው?»

ይህችን ጥያቄ ጋሽ ደምሴ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ራሳቸውን ሲጠይቁ ኖረዋል። ከሌላ ሰው አፍ ስትወጣ ግን ከበደች፤ ደግሞም ቀለለች። በግራ እጃቸው ወደ ኮፈኑ እየጠቆሙ፣

«ክረምት ወንዙ እስከ ኮፈኑ ይደርሳል» አሉ። «ያቺ ኮምፕሬሰርሽ ውሃ ብትስብስ?»

ምሩጽ ደነገጠች። «ይህን አላሰብኩትም።»

«አየሽ! ወንዝ ደሴ ቴክኒክ አልተማረም» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ፈገግ አሉ። «መተንፈሻዋን በቱቦ ወደ ላይ አውጪው፤ እስከ ጣራው። ዋናተኛ አፍንጫውን ከውሃ እንደሚያወጣው።»

እነሆ፣ ክርክር እንዲህ ሲሆን ያምራል። አንዱ ብቻ የሚያስተምርበት ክርክር ስብከት ነው።

ነገሩ ለማኅበሩ ሲቀርብ ጓድ ሀይሉ መጀመሪያ አልስማማ ብሎ ነበር። አብዱልሐሊም የተጨፈለቀ ቲማቲም በሳጥን ይዞ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠለት በኋላ ግን ተስማማ፤ ፈሳሹ ወደ ወረቀቱ ይሄድ ነበርና። ቦራ ወልድያ ሀጎስ ግቢ ገባ። ምሩጽ ከወፍራም ላሜራ ማቆሚያ እግር ቆርጣ በየደችና ኮምፕሬሰሯን ከሞተሩ ጎን አሰረቻት፤ ቺንጋዋን አጠበቀች፤ የቆየ የፍሬን አየር ጋን ከወንበሩ ሥር አስገባች፤ መተንፈሻዋንም ጋሽ ደምሴ እንዳሉት ጣራ አደረሰችው። ጋኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ ነበረች።

«ይቺስ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ጋኑ ልኩ ላይ ሲደርስ በራሷ ተከፍታ ትርፉን ትለቃለች። እሷ ባትኖር ይፈነዳል።»

ጋሽ ደምሴ ቫልቯን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «ጥጋቧን የምታውቅ ናት በይኛ።»

በሚቀጥለው ገበያ ቦራ ከቆላው ሲመለስ ጓድ ሀይሉ ፊት፣ ምሩጽ ከኋላ ከቲማቲሙ ጋር ተቀምጠዋል። ወንዙ አፋፍ ላይ ጋሽ ደምሴ መኪናውን አቆሙ።

«በሉ ጋሼ፣ ያስተንፍሱት» አለች ምሩጽ።

ጎንበስ ብለው የጎማውን መንፊያ ክዳን ፈቱና በክብሪት እንጨት ቫልቩን ጫን አደረጉ። አየሩ «ፍስስስ» እያለ ሲወጣ ፊታቸው ተኮማተረ፤ የጎተራ አፍ ተከፍቶ እህል ሲፈስ እንደሚያይ ሰው። ምሩጽ «ይበቃል» እስክትል ግን እየሳሱም ቢሆን ቀጠሉ። አራቱም ጎማ ሆዱ መሬት ነካ። «ተኛ እኮ!» አለ አንዱ። ጋሽ ደምሴ ግን ገብተው ማርሹን አስገቡ።

ቦራ አሸዋውን እየረገጠ፣ እየረገጠ፣ ሰው ሳይወርድ፣ ቅጠል ሳይነጠፍ ተሻገረ። ከኋላ አብዱልሐሊም፣ «ግመል! ወላሂ ግመል!» እያለ ጣራውን ይደበድባል።

ማዶ ላይ ጋሽ ደምሴ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። ቱቦውን በግራ እጃቸው ስበው ጎማው ላይ ሰኩ። ኮምፕሬሰሯ ታክ ታክ ታክ ትላለች። ጎማው ቀስ እያለ ቀና አለ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ሄዱ፤ ማንም አላገዛቸው፣ ማንም ማገዝ አላስፈለገው። ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት እጁን አጣምሮ ቆመ። በመጨረሻ አንዷ ሴት ዝም ማለቱ ቢከብዳት፣ «ንፋ ንፋ ንፋው...» ብላ ጀመረች፤ ሰዉ ተቀበላት። እንዲያውም ትንፋሽ ያልጨረሰ ሰው ሲያዜም ድምፁ ያምር ኖሯል።

ጓድ ሀይሉ ቱቦውን እያየ፣ «መልካም ነው» አለ። «ድንገት ቢበላሽ ግን የእጅ ፓምፑ ይኑር።»

«ይኖራል» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ጎማውን መሙላት ጨርሰው ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ነቀሉ። አሁን ካልተናገሩ መቼም እንደማይናገሩ አወቁት። «እሱን የሚይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። የኔ ቀኝ ክንድ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ፓምፕ አይጫንም፤ ጓድ ሊቀመንበር። ስብሰባ ላይ ያልከውን ሰምቻለሁ። ቁልፉ ይኸው።»

ዜማው ተቋረጠ። ቁልፉ በግራ መዳፋቸው ላይ ነው። ምሩጽ ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች፤ ግን ነገሩ የእሷ አለመሆኑ ገብቷት ያዘችው።

ጓድ ሀይሉ ቁልፉን አየ። አሸዋው ላይ ቦራ ጥሎት የመጣውን ሰፋፊ ዱካ አየ። ሰዉን አየ፤ ሰዉ አላጨበጨበም።

«ጋሽ ደምሴ» አለ በመጨረሻ፤ «ያን ያልኩት ይህች ነገር ሳትኖር ነው። አሁን እኛ የምንፈልግ ሹፌር ነው እንጂ ወናፍ አይደለም። ይንዱ፤ ቲማቲሙ እየሞቀ ነው።»

ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ጨበጡ። ኮፈኑንም እንደ በሬ ግንባር ዳበስ አደረጉት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምሩጽ መርሳ መናኸሪያ መኪና ስትጠብቅ የታወቀ ድምፅ ሰማች። ጋሽ ደምሴ ሙላቱ የሚባል ወጣት ሹፌር ይዘው ያስተምራሉ። ሙላቱ ጎማውን በጫማው መትቶ፣ «እንደ ከበሮ ነው ጋሼ፤ ጠግቧል!» ብሏቸው ነበር።

«ጥጋብ ያሰጥማል ልጄ» ይሉታል። «ስማኝ። ጎማ ለአሸዋ ጎደል፣ ለድንጋይ በልኩ ነው። ሲጎድል የምትሞላበት ግን ይኑርህ፤ ከሞተርህ ጎን ትንሽ ኮምፕሬሰር አስገጥም። ጎማህ ዕድሜ ያገኛል፤ ገበያተኛው በጊዜ ይገባል፤ በሽተኛህ በረሃ አይቆምብህም። የአብዱልሐሊምን ቲማቲም ጠይቅ፤ እንደተቀጠፈ ነው የሚደርስ። እኔን ሽማግሌውን እየኝ፤ በአንድ ክንድ አራት ጎማ እነፋለሁ። መተንፈሻዋን ታዲያ ጣራ ድረስ አውጣት፤ ይቺ የኔ ብልሃት ናት።»

«ሌላውስ የማን ብልሃት ነው?» አለ ሙላቱ።

ጋሽ ደምሴ ዘወር ሲሉ ምሩጽን አዩ። ትንሽ አፈሩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና፣ በሰው ፊት፣ የሚነሣላትን ያህል አንሥተው ወደ እሷ ጠቆሙ።

«የዚያች የተረገመች ምላሰኛ» አሉ። «ና ላስተዋውቅህ።»